ዋይልድላይፍ ወይስ ፎረስትሪ? ከባሕር ዳር ለመጣ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ፍሬሽማን ጨርሼ ዲፓርትመንት ልመርጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዱር እንስሳና ደን እወዳለሁ። እናቴ ግን "ችግኝ ለመትከል ነው ዩኒቨርሲቲ የገባሽው?" ትለኛለች። ዋይልድላይፍ ይሻላል ወይስ ፎረስትሪ? ሥራስ ይገኛል? ከጣና ሳልርቅ ተምሬ እዚሁ መሥራት እችላለሁ? ሴት መሆኔስ ፊልድ ላይ ያስቸግረኛል?»

ሰላም እህቴ።

ሳላዞር ልመልስ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ፎረስትሪ ወይም ናቹራል ሪሶርስ ግቢ። ዋይልድላይፉን ለማስተርስ አቆዪው። ይህን ስል የሚቆጡኝ የዋይልድላይፍ ሰዎች አሉ። ይቆጡ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

የደን ሥራ በየወረዳው አለ። ግብርና ጽሕፈት ቤት የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ይቀጥራል። የተፋሰስ ሥራ አለ፣ ችግኝ ጣቢያ አለ። የአማራ ደን ኢንተርፕራይዝ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ባሕር ዳር ነው። አመልድ የሚባለው የልማት ድርጅትም እንደዚሁ። የዱር እንስሳ ሥራ ግን በአብዛኛው ፓርክ ይፈልጋል፣ ፓርክ ደግሞ ጥቂት ነው። ክልላችን ውስጥ ስሙ ቶሎ የሚነሳው ሰሜን ተራሮች ነው፤ ከዚያ አላጥሽ፣ ቦረና ሳይንት፣ መንዝ ላይ ሕዝቡ ራሱ የሚጠብቀው ጓሳ፣ ሌሎችም ጥቂት። በነዚህ ውስጥ የባለሙያ መደብ ቁጥሩ ውስን ነው። አንዱ ሰው ከያዘው ቶሎ አይለቅም። የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ቢሆን በየዓመቱ በገፍ የሚቀጥር ቤት አይደለም።

በደን ዲግሪ ተቀጥረሽ በዱር እንስሳ ማስተርስ መማር ትችያለሽ። ብዙዎች እንዲህ ነው ያደረጉት። የተገላቢጦሹ ይከብዳል። የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ፎረስትሪ፣ ናቹራል ሪሶርስ ወይም ተዛማጅ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ «ተዛማጅ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ዋይልድላይፍ ይገባል አይገባም ብለሽ ከሰው ሀብት ቢሮ ጋር ስትከራከሪ የመመዝገቢያው ቀን ያልፋል።

አሁን ወደ እናትሽ። እናትሽ ግማሹን እውነት አላቸው። ተመርቆ ወረዳ የገባ ልጅ ክረምቱን ችግኝ ሲያስተክል፣ በጋውን ሪፖርት ሲሞላ ሊከርም ይችላል። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የተተከለው ቁጥር በየቦታው ይነገራል። ሰው የሚጠፋው ቀጥሎ ለሚመጣው ጥያቄ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛው ዝርያ ቆመ? የትኛው ደረቀ? የደረቀው ከብት በልቶት ነው፣ ውሃ አጥቶ ነው፣ ወይስ መጀመሪያውኑ ለዚያ ቦታ የማይሆን ዛፍ ነበር? ይህን ለክቶ፣ መዝግቦ፣ አስረድቶ የሚናገር ባለሙያ ሲገኝ አለቃም ለጋሽም ያዳምጠዋል። ለእናትሽ እንዲህ በያቸው፦ የምማረው ችግኙ ለምን እንደሞተ ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ራሱ ጣና ነው። በዚህ አካባቢ ደኑን ከእንስሳው ለይተሽ ልታጠኚው አትችዪም። የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ውሰጂ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ብቻ ከ1,000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ብዙዎቹ ዙሪያቸውን ደን ለብሰዋል። ከእርሻው መሃል አረንጓዴ ክብ ሆነው ከሩቅ ይታያሉ። አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ቢሆኑ ነው። ጥድ፣ ወይራ፣ ሎል፣ ዝግባ፣ እሸ የቀሩት እዚያ ነው።

እነዚህን ደኖች በሳይንስ ካጠኑት ሰዎች ቀዳሚው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። አዎ፣ በልብ ወለዶቻቸው የምታውቂያቸው ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዶክትሬታቸውን ከኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያገኙት በዚሁ ጉዳይ ነው። 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ መዝግበዋል። ለእኔ ከቁጥሩ በላይ የሚገርመኝ አፈሩን ሲመረምሩ የተገኘው ነገር ነው። ከደኑ ወለል አፈር ተወስዶ ውስጡ ያለው ዘር ታየ። በብዛት የተገኘው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። የትልልቆቹ ዛፎች ዘር እምብዛም አልተገኘም። ምን ማለት መሰለሽ? የነዚህ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ተኝቶ ዓመታት አይጠብቅም። ወይ ቶሎ ይበቅላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይበሰብሳል። እናት ዛፏ ከተቆረጠች በኋላ «አፈሩ ውስጥ ዘር ስላለ ይመለሳል» ማለት አይቻልም። ዘሩ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ማን ያመጣዋል? እዚህ ላይ ነው እንስሳው የሚገባው። ፍሬ በል ወፎች፣ ጦጣ፣ ሆርንቢል። ሆርንቢል ያ መንቁሩ ላይ ቀንድ መሳይ ያለው ትልቁ ወፍ ነው፤ ዘጌ ከሄድሽ ድምፁን ሳትሰሚ አትመለሺም። ፍሬውን ውጦ፣ በርሮ፣ ሌላ ቦታ ዘሩን ይጥላል። ከዚያ ዘሩ ይበቅላል። ከዚያ በደጀ ሰላሙ በኩል የገባ ከብት ይበላዋል ወይም ይረግጠዋል። ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታና ባልታጠረ ቦታ ችግኞች ተነጻጽረው ታይተዋል፤ በታጠረው ውስጥ የሚተርፈው ይበልጣል። ለዚህ ነው ካህናቱና ገበሬዎቹ ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ደርድረው ደኑን ማጠር የጀመሩት። ድንጋዩ ከማሳው ሲነሳ ማሳው ይጸዳል፣ ደኑ ይታጠራል። ይህ ሥራ የፎረስትሪ ነው ወይስ የዋይልድላይፍ? አንቺው ፍረጂ።

ዱር እንስሳ ሲባል አንበሳና ዋልያ ብቻ ከታየሽ ደግሞ ጣና ውስጥ ያለውን እንዳትረሺ። ገበያ ላይ «ነጭ ዓሣ» ብለን የምንገዛው በሳይንስ አንድ ዓሣ አይደለም። ላቤኦባርበስ የሚባለው ወገን ጣና ውስጥ ወደ 15 ዝርያ አለው፤ ከአንዱ በቀር ሌላ የትም የማይገኙ ናቸው። ከነሱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ ነው የሚኖሩት። የሚያስገርመው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ከነሱ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ይህን ዓሣ አጥማጁም ያውቃል። መረቡን የወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋና እንቁላል የያዘችውን ያወጣታል። ቁጥራቸው ክፉኛ ከወረደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ወንዙ ደግሞ የላይኛው ተራራ ከተራቆተ በደለል ይሞላል። አየሽ፣ ተመልሰን ደን ላይ ነን።

ፎገራ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት እርጥብ መሬቶች ላይ በበጋው ወራት ክሬን የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ይሰፍራሉ። አንዳንዶቹ የኛው ናቸው፤ ሌሎቹ ከሩሲያ ድረስ በርረው የመጡ ናቸው። ቀን ማሳ ላይ የወደቀ እህል ሲለቅሙ ይውላሉ። ማታ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ጅብም ቀበሮም በውሃው ሲመጣ ይሰሙታል። ለዚህ ነው ቆጠራ የሚደረገው ሲመሽ ወይም ሲነጋ፣ ከማደሪያቸው። ቀን ማሳ ለማሳ እየዞርሽ ብትቆጥሪ አንዱን መንጋ ሁለቴ ትቆጥሪዋለሽ። ውሃው በፓምፕ እየተሳበ፣ መሬቱ እየታረሰ ሲሄድ ማደሪያው ይጠብባል። እዚህ የሚሠራ ባለሙያ ወፍ ብቻ ቢያውቅ ምንም አይፈይድም። ከሩዝ አምራቹ ጋር ቁጭ ብሎ ስለ መስኖ መነጋገር መቻል አለበት።

እምቦጩን ሳልጠቅስ ባልፍ ትታዘቢኛለሽ። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የደንቢያንና የፎገራን ሰው ያስለቀሰውን ታውቂዋለሽ። እሱ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ለብቻው ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ከመጀመሪያ ዲግሪ ይዘሽ መውጣት ያለብሽን የሚነግርሽ ትራንስክሪፕቱ አይደለም። በ2015 የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው፤ ግን ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ዛፍ ይለካል ማለት አይደለም። ቀጣሪ ፊት የሚያስከብርሽ ዝርያ መለየት፣ በትክክል መለካትና የለካሽውን መተንተን ነው።

መለካቱን በቅርብ ላሳይሽ፤ ብዙ ተመራቂ የሚሰናከለው እዚህ ነው። 20 ሜትር በ20 ሜትር ቦታ በገመድ ትከልያለሽ። 400 ካሬ ሜትር ነው፤ በ25 ስታባዢው አንድ ሄክታር ይሆናል። ውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍታ ላይ ትለኪያለሽ። የዲያሜትር ሜትር ከሌለሽ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ የግንዱን ዙሪያ ለክተሽ ለ3.14 ታካፍያለሽ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው ጎን ቆመሽ ለኪ። ዛፉ ከ1.30 በታች ከተከፈለ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ይለካል። ግንዱ ላይ ሐረግ ካለ ሜትሩን ከሐረጉ ሥር አሳልፊው፤ ሐረጉን አብረሽ አትለኪ። ቀላል ይመስላል አይደል? አራት ሰው አንድ ዋንዛ እንዲለካ ብታደርጊ አራት ቁጥር ይመጣልሻል።

ከዚያ በዚያው ቦታ ውስጥ ትንንሽ ካሬዎች ለይተሽ ጎንበስ ብለሽ ችግኝ ትቆጥሪያለሽ። ወገብ የሚያሳምመው ይህ ነው፣ ዋናውን ነገር የሚነግርሽም ይህ ነው። ጤናማ ደን ውስጥ ቀጭኑ ብዙ፣ መካከለኛው ያነሰ፣ ግዙፉ ጥቂት ነው። ብዙ የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ግን አንዳንዱ ዝርያ ግዙፉ አለ፣ ልጁ የለም። አያቶች ብቻ የቀሩበት ቤት በይው። ከውጭ ለሚያየው ደኑ ግርማ ሞገስ አለው። ወረቀትሽ ላይ ግን የነገው ትውልድ ባዶ ነው። የከብት ኮቴ፣ እበት፣ ጫፉ የተቀነጠሰ ቅርንጫፍ ካየሽ እሱንም መዝግቢ። በኋላ «ለምን?» ስትባዪ መልሱ እዚያ ነው።

ይህ ችሎታ ገንዘብም አለው። ደን በያዘው ካርቦን ልክ ገንዘብ የሚያስገኘው የካርቦን ፕሮጀክት ሁሉ መሠረቱ የግንድ ውፍረት ነው። ከውፍረቱ ተነስቶ የዛፉ ክብደት ይገመታል፣ ከክብደቱ ካርቦኑ። ወላይታ ሁምቦ ላይ፣ ባሌ ላይ የተሠሩት ፕሮጀክቶች ሜትር የሚያዞርና ቁጥሩን የሚያምን ሰው ፈልገዋል። ወደፊትም የሚፈልግ ይመጣል።

ትንተናውን በተመለከተ፣ አር (ለስታቲስቲክስ) እና ኪውጂአይኤስ (ለካርታ) የሚባሉትን ሁለት ሶፍትዌሮች ተማሪ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ካፌ ዋይፋይ ላይ ማውረድ ይቻላል። ሦስተኛ ዓመት ድረስ አትጠብቂ። ዳታሽን ኤክሴል ላይ ስትሞዪ አንድ መስመር ለአንድ ዛፍ ይሁን፣ ቀለም አትቀቢ፣ ሳጥን አታዋሕጂ። ይህቺን ምክር ችላ ያለ ሰው ቲሲሱ ላይ ያለቅሳል።

ከጣና ሳልርቅ ላልሽው፦ የመጀመሪያውን እዚሁ ተማሪ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ዘንዘልማ ነው። ናቹራል ሪሶርስ አለ፤ የዓሣና የውሃ ነገር ከሳበሽም ቦታው እዚያው ነው። ፎረስትሪ ብቻ ካልሽ ግን ስመ ጥሩው ወንዶ ገነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የአገሪቱን የደን ባለሙያ ሲያፈራ የኖረ ኮሌጅ ነው፤ ዛሬ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ከስዊድን ጋር የቆየ ትስስር አለው። ሁለተኛውን ዲግሪ ግን እባክሽ ከዚህ ወጥተሽ ተማሪ። ወንዶ ገነት ይሁን፣ አራት ኪሎ ይሁን፣ ውጭ አገር ይሁን። ሌላ ደን ያላየ ሰው የጣና ደን ምኑ ልዩ እንደሆነ ሊናገር አይችልም። የዱር እንስሳ ማስተርስ የምትፈልጊ ከሆነ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ ያሉ ሰዎች በአጥቢ እንስሳት ጥናት ብዙ ተማሪ ያፈሩበት ቤት ነው። እዚያው አራት ኪሎ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ብሔራዊው ሄርባርየም አለ፤ መለየት ያቃተሽን ቅጠል አድርቀሽ ወስደሽ የምታስለዪው እዚያ ነው።

ስኮላርሺፕ ያለ ሲቪ አይመጣም፤ ሲቪ ያለ ሥራ አይመጣም። መሃሉን የሚሞላው ትንሽ የምርምር ድጋፍ ነው። ሩፎርድ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት እንደኛ ባሉ አገሮች ለሚሠሩ ጀማሪ ጥበቃ ባለሙያዎች አነስተኛ ገንዘብ ይሰጣል። ብዙ ኢትዮጵያዊ በዚያ ነው የጀመረው። አይዲያ ዋይልድ የሚባለው ደግሞ ብር አይሰጥም፣ ዕቃ ይሰጣል፤ አጉሊ መነጽር፣ ጂፒኤስ፣ ካሜራ። ሁለቱም ፕሮፖዛልሽ ላይ የሚያዩት አንድ ቦታ፣ አንድ ጥያቄ፣ ግልጽ ዘዴ ነው። «የጣናን ብዝኃ ሕይወት መታደግ» ብለሽ ከጻፍሽ ማንም አያነብሽም። «እነዚህ ሦስት ደኖች ውስጥ አጥር የሎል ችግኝን ምን ያህል ይጠቅማል?» ካልሽ ያነቡሻል።

ዩኒቨርሲቲ መቅረት ከፈለግሽ መንገዱ የታወቀ ነው። ረዳት ምሩቅ፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር እያለ ይሄዳል። ውጤትሽ ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ የሚያስጨምርሽ የታተመ ጽሑፍ ነው። ማስተማር የማይሆንሽ ከሆነ የምርምር ማዕከል አለ። እዚሁ ባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ደመወዙ አያኮራም፣ ፊልዱ ግን ሐይቁ ራሱ ነው።

ሴትነትሽን በተመለከተ ሁለት ነገር ልለይልሽ። አንዱ ሥርዓት ነው። የጣና ደሴት ገዳማት የሆኑት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ በፕሮፖዛል አትከራከሪው፣ ቦታ ስትመርጪ ከመጀመሪያው ተዪው። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ትገቢያለሽ፤ ደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴም ትገቢያለሽ። በየገጠሩ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖችም በአብዛኛው ክፍት ናቸው፤ አስተዳዳሪውን አስፈቅደሽ፣ የዩኒቨርሲቲሽን የትብብር ደብዳቤ ይዘሽ ነው። ሌላው ደኅንነት ነው። ይህ ለወንዱም ነው። ዛሬ የጸጥታውን ሁኔታ ሳታጣሪ ፊልድ አትውጪ፤ ብቻሽን አትሂጂ፤ የአካባቢውን ሰው ረዳት አድርገሽ ቅጠሪ። ዳታ ሌላ ቀን ይሰበሰባል። በተረፈ ሴት መሆን እንዲያውም ይረዳሻል። እንጨት የሚለቅሙትና ውሃ የሚቀዱት እናቶች ለወንድ ተመራማሪ የማይነግሩትን ለአንቺ ይነግሩሻል።

ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ሰፈርሽ አጠገብ ካለ ደብር አስፈቅደሽ ግቢ። አንድ 20 በ20 ከልይ። ሜትርና ደብተር ይበቃሻል፤ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጎንበስ ብለሽ ችግኝ ቆጥረሽ፣ እሾህ ወግቶሽ፣ ማታ ደግሞ ቁጥሩን ለማየት ከቸኮልሽ ይህ ሙያ ያንቺ ነው። ከሰለቸሽ ባዮሎጂም አካውንቲንግም አለ፤ ምንም ነውር የለውም። ያልለየሽውን ዛፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እረዳሻለሁ። ቅጠሉን ብቻ ግን አትላኪ። የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሎቹ ከቅርንጫፉ ጋር የተያያዙበትን ቦታ፣ ልጡን፣ አበባ ወይም ፍሬ ካለውም እሱን ጨምሪ። አጠገቡ ላለ አዛውንትም ስሙን ጠይቂና እንደነገሩሽ ጻፊው።